የጂሬን ቤተ መንግሥት ታድሷል፤ ታሪኩንስ ማን ይንገርለት?

ለጋዜጣው አዘጋጆች፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የሃንጋሪ ግንብ ነው፤ ጉዳዬ ግን እዚሁ ጅማ፣ ጂሬን ኮረብታ ላይ ያለው የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

የእህቴ ልጅ ሚሽኮልትስ በምትባል የሃንጋሪ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። በቀደም ዲዮሽግዮር ከሚባለው የከተማዋ ግንብ ውስጥ ሆኖ በቪዲዮ ደወለልኝ። ስልኩን ግድግዳው ላይ ድቅን አደረገና አሳየኝ። ከታች ዘመን ያጠቆረው ድንጋይ ነው፤ ከላይ ደግሞ ነጣ ያለ አዲስ ድንጋይ። አሮጌው የት እንዳበቃና አዲሱ የት እንደጀመረ ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል። ይኼ ደስ አለኝ። ጎብኚውን አላታለሉትም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ግንቡ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የሰነበትኩት። አሁን የሚታየውን፣ በአራት ማዕዘኑ አራት ማማ ያለውን ግንብ ያሠራው ከ1342 እስከ 1382 የነገሠው ንጉሥ ላዮሽ ቀዳማዊ ነው። በኋላ ፖላንድንም ደርቦ ስለገዛ፣ ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ይህ ግንብ ይመቸው ነበር። ትልቁ አዳራሽ 25 ሜትር በ13 ሜትር ነው። በ1381 ንጉሡ ከቬኒስ ጋር የተደረገውን የቱሪን ስምምነት ያጸደቀው እዚሁ ግንብ ውስጥ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የንግሥቶቹ ነገር ነው። ግንቡ ለነገሥታቱ ሚስቶች የሚሰጥ ርስት ሆኖ ብዙ ዘመን ስለኖረ እስከ ዛሬ የንግሥቶች ግንብ እያሉ ይጠሩታል። ከኔፕልስ መጥታ ንጉሥ ማትያስን ያገባችው ቤያትሪስ ይዛዋለች። በ1526 ባሏ ከሞሃች ጦርነት ሳይመለስ የቀረባት ማሪያም እንዲሁ። ከእሷ በኋላ ግንቡ ከመኳንንት ወደ መኳንንት ሲተላለፍ ቆየ፣ ቱርኮችም ያዙት፣ በመጨረሻ ፈራረሰ። ቆፍረው ያጠኑትና መጠገን የጀመሩት በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ እንደገና በሰፊው ታድሶ፣ ክፍሎቹም በዘመኑ ዕቃ ተደራጅተው በ2014 ለጎብኚ ተከፈተ። በበጋ ግቢው ውስጥ የድሮውን ልብስ ለብሰው የድሮውን ጨዋታ ያሳያሉ፣ ሕዝቡም ልጆቹን ይዞ ይወጣል።

ሚሽኮልትስ የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ኮሚኒዝም ሲወድቅ ፋብሪካዎቹም አብረው ወደቁ፣ ስንቱ ሰው ከሥራ ወጣ። እንዲህ ያለች ከተማ ግንቧን አጥብቃ መያዟ አይገርመኝም። የእግር ኳስ ክለባቸው ሳይቀር በዲዮሽግዮር ስም ነው የሚጠራው። እኛስ? ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር አይደለም እንዴ! በ2018 ፕሪምየር ሊጉን ሲበላ ከተማው እንዴት እንደነበር የሚረሳ የጅማ ሰው የለም።

ስማቸውን ማልያ ላይ የምናነበው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ጅማን ገዝተዋል። ቤተ መንግሥታቸው አሁን ታድሷል፣ እሰየው፣ የሠራ እጅ ይባረክ። ነገር ግን ግድግዳ ብቻውን አይናገርም። የሩቅ እንግዳ ጂሬን ድረስ ወጥቶ፣ በረንዳው ላይ ፎቶ ተነሥቶ፣ እንጨቱ እንዴት ያምራል ብሎ ከወረደ ምኑን ጎበኘው? የዲዮሽግዮር ሰዎች ንግሥቶቻቸውን በስም እየጠሩ ነው ድንጋዩን የሚያናግሩት። እኛ ደግሞ ጌኔ ጉሚቲ አሉን! የንጉሡ እናት ናቸው። ልጃቸው ምኒልክን ከመዋጋት ይልቅ ገብሮ አገሩን እንዲያተርፍ የመከሩት እሳቸው ናቸው። አባ ጅፋርም ምክሩን ሰሙ። ዙሪያው ሁሉ በጦርነት ሲታመስ ጅማ በየዓመቱ ግብር እየከፈለች፣ በራሷ ንጉሥ እየተዳደረች እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀች። ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ አለ? አንዲት እናት የሰጡት ምክር አገር ሲያድን! እኔ ብሆን ጎብኚው በሩን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ የምነግረው እሱን ነው።

ከባዱም ይነገር። በዚያ ዘመን በጅማው የሂርማታ ገበያ ይሸጥ የነበረው ቡናና ማር ብቻ አይደለም፣ ሰውም ይሸጥ ነበር። አንዳንዱ ሰው ይኼን ሲሰማ ፊቱ ይጨልማል፣ ይገባኛል። ግን ብንደብቀው እንግዳው ሌላ ቦታ አንብቦት ነው የሚመጣው። ያኔ ደግሞ ሌላውንም የምንለውን አያምነን።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። የጅማ ልጆች ከዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ጋር ቁጭ ብለው፣ የሽማግሌዎቹንም ትረካ ሰምተው፣ በደንብ የሠለጠኑ አስጎብኚዎች ይሁኑ። በየክፍሉ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጭር ጽሑፍ ይለጠፍ። የቱ ምሰሶ የጥንቱ እንደሆነ፣ የቱ በእድሳቱ እንደተተካ በግልጽ ይጻፍ። ከተማው ውስጥ ሙዚየም ያሉት የንጉሡ ዕቃዎችና ቤተ መንግሥቱ በአንድ ቲኬት ይጎብኙ፣ እንግዳው አንዱን አይቶ ሌላውን ሳያውቅ እንዳይሄድ። ለተማሪዎች ደግሞ በዓመት አንድ ቀን እንኳ በነፃ ይከፈት።

እናንተም ጋዜጠኛ ላኩ። ስለ ምርቃትና ስለ ሪባን ብዙ ተጽፏል፣ ይበቃል። ስለ ጌኔ ጉሚቲ አንድ ሙሉ ገጽ ብትሠሩልን እኔ የሰፈሬን ሽማግሌዎች አስተዋውቃችኋለሁ፣ ቡናውም ከእኔ።

አንባቢያችሁ
ከጅማ