መኪና በልውውጥ ስለምንቀበልበት አዲስ አሠራር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን «ሲሸጡልን ቱርቦውንም ቸርኬውንም ይቆጥራሉ፣ ከእኛ ሲገዙ ግን ባዶ መኪና ብለው ይገምታሉ» የሚል ቅሬታ በርትቶብናል። ቅር ላሰኘናችሁ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን አይቀየርም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከእንግዲህ ሞዲፋይ የተደረገ የጃፓን ስፖርት መኪና በልውውጥ ስታመጡ መነሻችን ያልተነካካው የዚያው ሞዴል ዋጋ ነው። ለጨመራችሁት ዕቃ ያወጣችሁትን ገንዘብ አንቆጥርም። የፋብሪካውን ዕቃ አብራችሁ ካመጣችሁ ግምቱ ከፍ ይላል፤ ከሌለ ይወርዳል።

«ነጋዴ መኪና አይወድም» ያላችሁኝም አላችሁ። እሱ ነው ሆዴን ያባባው። ይህን ሥራ የጀመርኩት እጄ ዘይት ለብሶ ነው። የመጀመሪያዋ መኪናዬ የኒሳን አር32 ስካይላይን ጂቲ-አር ነበረች፤ ማርሚታዋንም ፍሪሲዮኗንም ራሴ ቀይሬያለሁ። ስሸጣት ያፈሰስኩባትን ገንዘብ ማንም አልመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የከፈልኩበትን ደስታ ነድቼ ጨርሼዋለሁ።

የአር32 ቱርቦ በጭሱ በኩል ያለው ተርባይን፣ ማለትም ጭሱ የሚያሽከረክረው ባለ ክንፍ ክፍል፣ ሴራሚክ ነው። ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት ከልክ በላይ ሲጨመርበት ይሰባበራል። በቅርቡ አንዷ በልውውጥ ገባች፤ ባለቤቷ «ትንሽ ነው የነካኋት» ብሎ ነበር። ከዳሽቦርዱ ሥር የግፊት መቆጣጠሪያ ተቀብሮ፣ ሽቦው በፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘን። ቱርቦውን ስንፈታ ተርባይኑ ግማሹ የለም። ወጪው የማን ሆነ? የእኛ። ለቀጣዩ ገዢ ዋስትና የምንፈርመው እኛ ነን እንጂ ግፊቱን የጨመረው ጋራዥ አይደለም።

የማዝዳ አርኤክስ-7ማ ትብሳለች። ሞተሯ ፒስተን የለውም፤ በፒስተን ፈንታ የሚሽከረከር ሁለት ሮተር ነው ያለው፣ እያንዳንዱም ሦስት ፊት አለው። ተራው የሞተር እመቃ (ኮምፕረሽን) መለኪያ ሦስቱን ለይቶ ስለማያሳይ ለሮተር ብቻ የተሠራውን ገዛን። ስንለካ ደግሞ «ምን ትጎረጉራላችሁ» እንባላለን።

ስንሸጥ እንቆጥራለን የተባለው እውነት ነው። የምንቆጥረው ግን ፈትተን ያየነውን፣ አስተካክለን ስማችንን ያኖርንበትን ነው።

ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። አሜሪካ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ስለምታስገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው አር32 ከ2014፣ በ1999 የወጣችው የኋለኛዋ ስካይላይን አር34 ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ፈላጊዋ በዝቶ በጃፓን ጨረታ የምንሻማው ከሌላ አቅም ጋር ነው። ማጓጓዣውም መለዋወጫውም ጨምሯል። ኒሳን ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ለአር32 አንዳንድ ዕቃ እንደገና ማምረት ቢጀምርም ሁሉም አይገኝም፣ የሚገኘውም ኪስ ይጎዳል። ድሮ ገዢ ሲመጣ «ስንት ፈረስ ጉልበት አላት?» ነበር የሚለው፤ ዛሬ «ኦሪጅናል ዕቃዋ አለ?» ነው። ጃፓን ውስጥ ብዙዎቹ ሻኬን ለሚባለው በየጊዜው ለሚደረግ የመኪና ምርመራ ሲቀርቡ መልሰው ስለሚገጥሙት የፋብሪካውን ዕቃ አይጥሉም። እኛ ጋ ግን ስንቱ ማርሚታ ለቁራሌው ተሰጠ!

የጨመራችሁት ዕቃ ዋጋ አለው ብላችሁ የምታምኑ፣ ምናልባትም እውነታችሁን ነው፣ መኪናችሁን ግቢያችን አቁማችሁ በራሳችሁ ዋጋ እንሽጥላችሁ። ምርመራውን እናደርጋለን፣ ያየነውን ለገዢው እንናገራለን፣ ስትሸጥ ኮሚሽን ትከፍሉናላችሁ። ያንኑ ቱርቦ ሲፈልግ የኖረ ሰው ከመጣ ትርፉ የእናንተ ነው።

እስካሁን በጽሑፍ ግምት የሰጠናችሁ ሁሉ ግምታችሁ እንዳለ ይጸናል። ገና ስንጀምር፣ ግቢያችን ባዶ ሳለ አምናችሁ ቀብድ የሰጣችሁንማ እንዴት እንረሳለን። ሌላ ቦታ የተሻለ ቢሰጧችሁ አይከፋኝም ብል ግን እዋሻለሁ። ብቻ ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ አምጧትና ኮፋኖውን አብረን እንክፈተው። ፈትታችሁ ያስቀመጣችሁት ዕቃ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ደረሰኙንም ጭምር።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት