የመውጫውን በር ለእኔ ተዪልኝ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

ትናንት ማታ የነገርሽኝን ሳሰላስል አደርኩ። የዘንድሮውን የከብት ትርኢት የምታስተባብሪው አንቺ ነሽ። ደስ ብሎኛል። ትንሽም ፈርቻለሁ። ስልኩ እየተቋረጠ ስላስቸገረን ወረቀት አነሳሁ።

ስለ ድንኳኑ ብዙ አወራሽኝ። ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ስለ ክብር እንግዶቹ፣ ስለ ዋንጫው ቅርፅ ሳይቀር። ስለ ውሃ አንድም ነገር አላነሳሽም። ስለ መውጫው በርም እንዲሁ። አልፈርድብሽም፤ እኔም ስጀምር ሐሳቤ ሁሉ መድረኩ ላይ ነበር። ሥራውን ዓመት በዓመት ስይዘው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ትርኢቱ አማረ የሚባለው ከብቱ እንደ አመጣጡ ጤነኛ ሆኖ በረቱ ሲገባ ነው። ባለቤቱም፣ ይሸነፍም ያሸንፍ፣ ስለ ከብቱ አንድ አዲስ ነገር አውቆ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ዕቅድሽን ከመጨረሻው ሰዓት ጀምረሽ ወደ ኋላ አውጪው።

የተመዘገበው ከብት ትንሽ ነው ብለሽ ተጨንቀሻል። አትጨነቂ። እ.ኤ.አ. በ1807 አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ፣ ፒትስፊልድ በምትባል ከተማ ኤልካና ዋትሰን የሚባል ሰው ሁለት የሜሪኖ በጎች ነድቶ አደባባይ ላይ አቆመ። ሁለት ብቻ። ሰው ሱፋቸውን ለማየት ከበባቸው። እሱም ሁለት በግ ይህን ያህል ሰው ከሰበሰበ ብዙ ከብት ቢቀርብ ምን ሊሆን ነው ብሎ አሰበ፤ በ1810 እዚያው የከብት ትርኢት ተደረገ። በዚያ አገር የገጠር ዓመታዊ ትርኢት የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። አንቺ አርባ ከብት ይዘሻል። በቂ ነው። እንዲያውም ለመጀመሪያ ዓመትሽ ከዚህ ባይበልጥ ደስ ይለኛል።

ቀኑን አጥብቀሽ ያዢ። ከዘርም ከአጨዳም ጋር እንዳይጋጭ። አንዴ ከቆረጥሽ በኋላ ለማንም እንግዳ ብለሽ አታዛውሪው። ገበሬ ጊደሩን ለትርኢት የሚያዘጋጀው ወራት ቆጥሮ ነው፤ ገመድ ያለማምዳታል፣ ሰው መሃል መቆም ያስተምራታል። ቀን ሲቀየር ልፋቱ ሁሉ ይበላሻል።

አሁን ወደ ውሃው። የምትታለብ ላም በሞቃት ቀን ከ100 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። አርባ ላም ቢሆን አራት ሺህ ሊትር ማለት ነው። ማጠቢያውና ሰው የሚታጠብበት ከዚህ ውጭ ነው። አንድ ታንከር ይበቃናል ያለሽ ሰው ካለ አስልቶ ያሳይሽ።

ውሃ ስላለ ብቻ ደግሞ ከብት ይጠጣል ማለት አይደለም። አንድ ዓመት አንዲት ጥቁር ላም ከረፋዱ ጀምሮ አልጠጣ አለች። ባልዲው ሙሉ ነው፣ ውሃው ንጹሕ ነው። አፍንጫዋን ታስጠጋለች፣ እፍ ትላለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ጎኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጎንበስ ብዬ ባልዲውን አሸተትኩት። ሳሙና ሳሙና ይላል። ልጆቻችን ንጹሕ ይሁን ብለው በሳሙና አጥበው በደንብ አላለቀለቁትም ነበር። ባለቤቷ ከመኪናው ላይ የቤቷን አሮጌ ባልዲ አምጥቶ ሞላላት። ቀና ሳትል ጨረሰችው። ጉሮሮዋ ላይ ውሃው ሲወርድ ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «የራስዎን ባልዲ ይዘው ይምጡ» የሚል መስመር አስገባን። አንቺም እንዳታወጪው።

ስለ መግቢያው በር የምነግርሽን ግን በደንብ አንብቢልኝ። ይህን ለአንቺ በዝርዝር ነግሬሽ አላውቅም፤ ያኔ ልጅ ነበርሽ።

አንድ ሰው አምስት በግ ጭኖ አርፍዶ መጣ። የጤና ወረቀት አልያዘም። ከሩቅ ነው የመጣው፣ እናውቀዋለን፣ በጎቹም ያምራሉ። ሐኪሙ ደግሞ ፈትሾ ጨርሶ ወደ ውስጥ ገብቷል። እኔ ነኝ ይግባ ያልኩት። በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ። የአንድ ሰው ላም ለሃጯ ይዝረበረባል፣ እግሯን እያነሳች ትጥላለች። አፍተግር የሚባለው የአፍና የእግር በሽታ ነበር። በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ከ2 እስከ 14 ቀን ሊወስድበት ይችላል። በግ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም፤ ትንሽ ቢያነክስ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሜ «ደህና ናቸው» ያልኩት ዓይኔ ባላየው ነገር ነው።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነበር። ከበጎቹ አጠገብ የማን ከብት እንደታሰረ አልጻፍንም። የገባው ዝርዝር አለን። የት እንደታሰረና መቼ እንደወጣ ግን የለንም። አራት ቀን ሙሉ በየቤቱ ስንደውልና ስንዞር ከረምን። ደርሰን ያስጠነቀቅናቸው ከብቶቻቸውን ለይተው አቆዩ። ያልደረስንላቸው ነበሩ። አንዲት ሴት ሁለት ጥጃ ሞተባት። አፍተግር ትልቁን ከብት ያከሳል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ጥጃን ግን ልቡን ይመታዋል። ጠዋት ጠብቶ የነበረ ጥጃ ከሰዓት ወድቆ ይገኛል። ቤቷ ሄጄ አየኋቸው። እናትየው ላም በረቱ በር ላይ ቆማ ትጣራ ነበር። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ ውስጥ ይኸው በሽታ ከመታወቁ በፊት በገበያ በኩል በበጎች ተሸክሞ አገር ለአገር ተዳርሶ ነበር። ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገደሉ። የዚያ ዓመት ትልልቆቹ የእርሻ ትርኢቶች ተሰረዙ፤ ሮያል ሾውም፣ የስኮትላንዱ ሮያል ሃይላንድ ሾውም አልተካሄዱም።

ስለዚህ ሐኪሙ በር ላይ ይቁም። ከብቱ ከመኪናው ሳይወርድ ይታይ። ወረቀት የሌለው አይወርድም። ለዘመድም፣ ለክብር እንግዳም፣ ለእኔም ቢሆን። በር የምታስጠብቂው ሰው እምቢ ማለት የሚችል ይሁን፤ ከሚጠብቃቸው ሰዎች ጋር ባይተዋወቅ ይመረጣል። ወደ ቤት የተመለሰውን ከብት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት፣ ከሌላው ለይተው እንዲያቆዩት ለእያንዳንዱ ባለቤት በቃልም በጽሑፍም ንገሪ። ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ንገሪያቸው። ሲገቡ ማንም አይሰማሽም።

ዳኛውን በተመለከተ አንድ ሰው ይበቃሻል። ሦስት ዳኛ ይሻላል የሚሉሽ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሦስት ሰው ነጥብ ደምሮ ይሰጥሻል፣ ምክንያቱን ግን ማንም አይናገርም። ከተወዳዳሪዎቹ ጋር የማይዛመድ፣ እጁ ከብት የሚያውቅ፣ ማይክ ሲሰጡት የማይፈራ አንድ ሰው ፈልጊ። ጊደር ከጊደር፣ ወይፈን ከወይፈን ጋር ይወዳደር፤ በየምድቡም በዕድሜ ይለያዩ። የስድስት ወር ልዩነት ያላቸውን ጊደሮች አንድ ላይ ማሰለፍ ትልቋን መሸለም ነው።

ዳኛው ለአንደኛው ብቻ ሳይሆን ለመጨረሻውም ምክንያቱን ይናገር። አንድ ልጅ መጨረሻ ወጥቶ ሊያለቅስ ሲል ዳኛው አጠገቡ ተንበረከከ። የጊደሯን የኋላ እግር አንስቶ ሰኮናዋን አሳየው። ረዝሞ ወደ ላይ ታጥፏል። «ጊደርህ ቆንጆ ናት። ግን ተረከዟ ላይ ነው የምትቆመው፤ ለዚህ ነው ጀርባዋ የጎበጠው። ሰኮናዋን አስከርክምላት» አለው። በማይክ ነው የተናገረው፤ የሰማው ሁሉ ወዲያው ወደ ራሱ ከብት እግር አጎንብሶ አየ። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ያችኑ ጊደር ይዞ መጣ። ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ስንተኛ እንደወጣች አላስታውስም፣ አረማመዷ ግን ዓይኔ ላይ አለ።

የሚያናድደኝን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ላሟ ግት የሞላች እንድትመስል ሳያልቡ የሚያቀርቡ አሉ። ግቷ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ ጡቶቿ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ አንዳንዷ ቆማ ሳለ ወተቱ ይንጠባጠባል። እግሯን ገርበብ አድርጋ ነው የምትራመደው። ያማታል። ተመልካቹ ግን «አቤት ግት!» ይላል። ይህን አትፍቀጂ። ከውድድሩ በፊት የመጨረሻው የማለቢያ ሰዓት ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ሰው መድበሽ አስፈትሺ። ግቷ ተወጥሮ የመጣችውን ዳኛው ራሱ ከሰልፍ ያውጣት፣ ባለቤቷም እዚያው ይለባት። አንድ ዓመት ይቀየሙሻል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያልባሉ።

ለተመልካቹ አንድ ጨዋታ አዘጋጂ። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፕሊመዝ ውስጥ በተደረገ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች ታርዶ የሚወጣውን የአንድ በሬ ሥጋ ክብደት እንዲገምቱ ተደርጎ ነበር። ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል ሳይንቲስት 787 የግምት ወረቀቶች ወስዶ በተርታ አስቀመጣቸው። መሃል ላይ የወደቀው ግምት 1207 ፓውንድ ነበር። ትክክለኛው 1198። አንቺ ማረድ አያስፈልግሽም። አንድ ወይፈን አቁሚ፣ ሰው ክብደቱን ይገምት፣ ከዚያ ሐኪሙ ደረቱን ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ክብደቱ እንዴት እንደሚታወቅ ያሳይ። መጨረሻ ላይ ሚዛን ላይ ይውጣ። ብዙ ሰው የትል መድኃኒት የሚሰጠው በዓይን ገምቶ ነው። አሳንሶ ሲገምት መድኃኒቱም ያንሳል፤ ትሉ አይሞትም፣ መድኃኒቱንም ይለምደዋል። ሜትር የያዘ ገበሬ ይህን ስህተት አይሠራም።

የቀረውን ባጭሩ ልበልሽ። የሰውና የከብት በር ይለያይ። ማውረጃው መወጣጫ ቁልቁል አይሁን፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር ርዝመት ስጪው፣ እንዳያንሸራትትም አግዳሚ እንጨት ይመታበት። ኮርማ ከላሞች ራቅ ብሎ ይታሰር፣ ሁለት ሰው ሳይዘው አይንቀሳቀስ። ውሻ አይግባ፤ ጥጃ ያላት ላም ውሻ ካየች ገመድ አይመልሳትም። ምግብ የሚሸጠው ከብት ካለበት ርቆ ይሁን፣ ልጆች ከብት ነክተው ሲወጡ የሚታጠቡበት የቧንቧ ውሃና ሳሙና መንገዳቸው ላይ ይቁም። አልኮል ብቻ አይበቃም፤ አዛባ የነካ እጅ በእሱ አይጠራም። ትንንሽ ልጆችን ለክፉ ሕመም የሚዳርግ ተሕዋስ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከሽልማቱ በኋላ ያለውን ሰዓት በጣም እፈራዋለሁ። የክብር እንግዶቹ ይሄዳሉ። ኮሚቴው ይደክመውና ይቀመጣል። ያኔ ሁሉም ባለ መኪና ባንዴ በሩ ላይ ይደርሳል። ከብቱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሏል፣ ርቦታል፣ ሰው ይጮኻል፣ ይመሻል። ሰው የሚረገጠው፣ ከብት እግሩን የሚሰብረው፣ የአንዱ ጠቦት በሌላው መኪና የሚጫነው ያኔ ነው። ለዚያ ሰዓት የምትመድቢያቸው ሰዎች ጠዋት ያልሠሩ ይሁኑ። ምሳ በልተው ከሰዓት ይምጡ። መኪኖቹ በቁጥር ይጠሩ፣ ሩቅ የሚሄደው ይቅደም፣ ከመጫኑ በፊት ሁሉም ውሃ ይጠጣ።

ደብተሬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ሽፋኑ ተቀዷል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው። ከጥጃዎቹ ዓመት በኋላ ሦስት ዓምድ ጨምሬበታለሁ፦ የታሰረበት ጋጥ፣ ግራና ቀኙ የማን እንደሆነ፣ የወጣበት ሰዓት። አንቺም በዚያው መልክ አስምሪ።

ዋዜማው ላይ እመጣለሁ። መድረኩ አጠገብ ወንበር አታስቀምጪልኝ። የመውጫውን በር ለእኔ ተዪልኝ። ደብተሩን ይዤ እዚያ እቆማለሁ፣ የመጨረሻው መኪና እስኪወጣ ድረስ። የእጅ ባትሪ ብቻ አዘጋጂልኝ፤ ይመሻል።

እናትሽ