«ሰማዩን የት አደረሳችሁት?» ላላችሁን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ?

በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ወርቅ ፈላጊዎች ይወጡበት የነበረውን የካሪቡን የሠረገላ መንገድ አሮጌ ፎቶዎች አትመን መሸጥ ከጀመርን ወዲህ አራት ፍሬም ተመልሶልናል። አራቱም በደንብ ተጠቅልለው ስለመጡ እግዜር ይስጥልን። አንዷ እህታችን ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖባት «ሰማዩን የት አደረሳችሁት?» አለችን። አንድ አባት ደግሞ ወንዙ ላይ ነጭ ቀለም የፈሰሰ መስሏቸው በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ሞክረውታል። ቅሬታችሁን ሰምተናል። ግን ማተሚያችን አልተበላሸም፣ ቀለምም አልቆጠብንም።

መንገዱን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ነድታችሁበታል። ከቫንኩቨር ወደ ካምሉፕስ ስትወጡ የኮኪሃላን አውራ ጎዳና ትታችሁ በፍሬዘር ወንዝ ገደል በኩል ከሄዳችሁ፣ ዬል የምትባለውን መንደር እንዳለፋችሁ ያ ጥንታዊ መንገድ አጠገባችሁ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1862 ነው (ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቢሊ ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ ዊሊያምስ ክሪክ የሚባል ጅረት ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ ወርቅ አገኘ፣ በስሙም ባርከርቪል የምትባል ከተማ በቀለች። መንገዱ እዚያ የደረሰው በ1865 ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ። ገደሉን ከሰበሩት ውስጥ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች አሉ፣ ተቋራጮች አሉ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ቻይናውያን የቀን ሠራተኞችም አሉ።

በብዛት የምንሸጠው የፎቶ አንሺውን የፍሬደሪክ ዳሊን ፎቶዎች ነው። ዳሊ ለንደን ተወልዶ በ1862 ቪክቶሪያ ከተማ የገባ ሰው ነው። ፎቶ ቤት የከፈተው በ1866፣ ካሪቡ መንገድ ላይ የወጣው ደግሞ በ1867 እና በ1868 ነው። ከሱ በፊት ቻርልስ ጀንቲሌ የሚባል ጣሊያናዊ በ1865 ሄዶበታል።

አሁን ወደ ሰማዩ።

ያኔ ፊልም የሚባል ነገር የለም። ፎቶ አንሺው መስታወት ይይዛል። መስታወቱ ላይ ኮሎዲየን የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ያፈስበታል፣ ዳር እስከ ዳር እንዲዳረስ እንጀራ እንደሚጋግር ሰው በጥንቃቄ ያዘነብለዋል፣ ከዚያ ድንኳን ውስጥ በጨለማ ብር የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ብርሃን የሚቀበለው ይሄኔ ነው። ካሜራው ውስጥ ከቶ፣ አንስቶ፣ ሮጦ ድንኳኑ ተመልሶ ማጠብ አለበት፣ ምክንያቱም መስታወቱ ከደረቀ አለቀ። ያለው ጊዜ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሬና በቅሎ አቧራ በሚያቦኑበት መንገድ ዳር፣ ከታች ፍሬዘር ወንዝ እየጮኸ ነው። እኛ እዚህ ሱቅ ውስጥ ማሞቂያው በርቶልን፣ ቡና ይዘን፣ ወረቀት ማተሚያው ላይ ሲታጠፍብን ምን ያህል እንደምንነጫነጭ እናንተም ሰምታችሁናል።

ታዲያ ይህ መስታወት ሰማያዊ ብርሃንን በኃይል ይይዛል፣ አረንጓዴና ቀይ ላይ ግን ደካማ ነው። ጫካው በቅጡ እስኪወጣ ቢጠበቅ ሰማዩ ተቃጥሎ ባዶ ነጭ ይሆናል። ደመና ቢኖርም አይታይም። እህታችን፣ ሰማዩን የበላው ኮሎዲየኑ ነው።

የወንዙም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ፎቶ ለማንሳት ጥቂት ሰከንዶች ያስፈልጉ ነበር። በዚያ መሃል ውሃው ሄዷል። ስለዚህ መንገዱ ፍሬዘርን በሚሻገርበት አሌክሳንድራ ድልድይ ሥር ወንዙ እንደ ጭጋግ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ድልድዩ ግን ሽቦው ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። (ድልድዩን ጆሴፍ ትራች በ1863 ነው ያሠራው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ያለው አሮጌ ድልድይ የ1926 ነው። «እኛ ያየነው ይሄ አይደለም» ያላችሁን ልክ ናችሁ።)

ቡኒው ቀለምስ? ያ የኛ ማጣሪያ አይደለም። ወረቀቱ የእንቁላል ነጭ ተቀብቶ፣ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ምስሉ ሲወጣ ቀለሙ ደስ እንዲልና እንዳይደበዝዝ ወርቅ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ይነከራል። አዎ፣ ወርቅ። ወርቅ ፈላጊዎቹ በወርቅ ታጥበዋል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር እኛም መጀመሪያ ላይ ተሳስተን ነበር። አንዱ ልጃችን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ለአንዱ ፎቶ ሰማያዊ ሰማይ ሰጠው፣ ወንዙን አጠራው፣ አንድ መደብር ደጃፍ ላይ ያለች ጉም የመሰለች ነገርንም አጠፋት። በጣም አማረ። ልናትመው ስንል ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አስተያየነው። ያቺ ጉም እግር ናት። ሰውዬው ፎቶው ሳያልቅ ተንቀሳቅሶ እግሩ ብቻ ቀርቷል፣ እኛ ደግሞ ያንንም ወሰድንበት። ከዚያ ወዲህ የካሪቡን ፎቶዎች አንነካካም። የእናታችሁን የሠርግ ፎቶ አምጡልን፣ እሱን እንጠግናለን፣ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። ይሄ ግን የኛ አይደለም።

ፍሬሙን ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩልን። የባርከርቪልን ዋና መንገድ ፎቶ የወሰዳችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቤቶቹ ጎርፍ ሽሽት የእንጨት እግር ላይ የቆሙ ናቸው፣ የእግረኛው ሳንቃም በየቤቱ ደጃፍ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን ተራራ ተመልከቱ። ራሰ በራ ነው። ዛፉ ለቤት፣ ለጉድጓድ ድጋፍ፣ ለውሃ መውረጃ ገንዳ ተቆርጦ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። በየጣሪያው ደግሞ የምድጃ ቱቦ ተሰክቷል። እንጨት በእንጨት ላይ፣ በመሃሉ እሳት። ዳሊ ራሱ እንደጻፈው፣ አንድ ምሽት የሰሜኑን ብርሃን (በሰሜን አገር ሌሊት ሰማዩ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን) እያየ ቁጭ ብሎ ሳለ ከቱቦዎቹ የሚወጣው ፍንጣሪ አሳሰበው። በማግስቱ፣ መስከረም 16 ቀን 1868፣ ከተማዋ ነደደች። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። በዚያው ዓመት እዚያ ከፍቶት የነበረው ፎቶ ቤቱም አብሮ ሄደ። እሱ ግን ካሜራውን ተክሎ ፍርስራሹን አነሳ። ሁለቱን ፎቶዎች፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን፣ ጥንድ አድርገን የምንሸጠው ለዚህ ነው።

ዳሊ በ1870 ሁሉንም ትቶ ፊላደልፊያ ሄደ። ምን ሊማር? የጥርስ ሕክምና። በኋላም አገሩ እንግሊዝ ተመልሶ ጥርስ ሐኪም ሆኖ ኖረ። ቢሊ ባርከር ደግሞ ያ ሁሉ ወርቅ አልቆበት በ1894 ቪክቶሪያ ውስጥ በድህነት ሞተ።

ፎቶ መነካካት ነውር ነው እያልን እንዳይመስላችሁ። ቪክቶሪያ ከተማ በ1862 ፎቶ ቤት የከፈተች ሃና ሜናርድ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን ሪቻርድን ፎቶ ያስተማረችውም እሷ ናት፣ እሱም በ1868 ካሪቡ ወጥቷል። ሃና በኋላ አንዱ ፎቶ ላይ ራሷን ሁለት ሦስት ጊዜ አስቀምጣ ሻይ ታጠጣ ነበር። በየዓመቱ ደግሞ ያነሳቻቸውን ልጆች ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ ሰፍታ ለደንበኞቿ መልካም ምኞት ትልክ ነበር። ይህንን ሐሳብ ለገና ልንሰርቃት አስበናል። ልዩነቱ እሷ የራሷን ፎቶ ነው የነካካችው።

አንድ ያስተካከልነው ነገር ግን አለ። አንዳንዶቹ ፎቶዎች የፍሬዘር ገደል ነባር የሆነውን የንላካፓሙክ ሕዝብ ሰዎችና የመቃብር ቦታ ያሳያሉ። መንገዱ ያለፈው በነሱ ምድር ነው፣ በተጀመረበት በ1862 ደግሞ ፈንጣጣ በአገሩ ነባር ሕዝቦች ላይ ከባድ እልቂት እያደረሰ ነበር። የመቃብሮቹን ፎቶ ለሳሎን ጌጥ መሸጥ አልታየንም። ከዝርዝሩ አውጥተነዋል። የገዛችሁ አንድ ሰው ብቻ ናችሁ፣ ከፈለጋችሁ በሌላ እንቀይርላችኋለን።

ለቀራችሁት ደግሞ፦ ይህን አንብባችሁም ነጩ ሰማይ ካልተዋጠላችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ መልሱ፣ ሙሉ ገንዘባችሁን እንሰጣለን፣ አንቀየምም። ሰኞ ዝግ ነን።

እንቁላል ስላለበት በጾም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይ ብላችሁ የቀለዳችሁብን ወንድማችን፣ የኛ በተራ ቀለም ነው የታተመው። ስቀሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
ፎቶ ቤታችሁ