ስለ አባባ ጉበትና ስለ ድስታችን ዘይት

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እትዬ፤ ጎንደር

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሐሳቤ ግን አባባ ጋ ነው። አልትራሳውንዱ ጉበታቸው ላይ ስብ ካሳየ መጀመሪያ የሚፈተሸው ድስቱ ነው።

ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። በጎንደር ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚያድረው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ቅቤ ከዚያም ይበልጣል። የኑግና የሱፍ ዘይት ከመቶ 20 እንኳ አይሞላም። ካሎሪው እኩል ቢሆንም ከፈሳሹ ይልቅ የሚረጋው ጉበትን ያሰባል። ስለዚህ ኑጉን በፓልሙ ፋንታ አድርጊ እንጂ በላዩ አትጨምሪ።

መጠኑን በማንኪያ ለኪ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም፣ 120 ካሎሪ ያህል ነው፤ ለአምስት ሰው ወጥ አምስት ማንኪያ ይበቃል። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላዪው፤ ድስቱን ሲይዝ ውሃ ጠብ አድርጊ። ከበሰለ በኋላ ዘይቱን፣ ቀጥሎ በርበሬውን። በርበሬ ያለ ዘይት ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ቀለሙም አይወጣም፤ ለዚህ ነው ዘይቱን ጨርሶ ተዪው የማልልሽ። ወጡ ሲሰክን ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን በጭልፋ ግፈፊው። ቅቤው ለመዓዛ ከሆነ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል።

«ጾም ነው፣ ቀላል ነው» እንዳትዪ። ዘይት የጠጣ ሽሮ ከቅቤ ወጥ በካሎሪ አያንስም፤ ትርፉ ካሎሪ በሰውነት ውስጥ ስብ ሆኖ ይከማቻል፣ ጉበት ላይ የሚጠራቀመው ስብ ደግሞ አብዛኛው ከዚህ ክምችት በደም የሚመጣ ነው። ስኳሩም አለ፦ ዘይቱ ተቀንሶ ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከገባ ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል፤ ጉበት ስኳርን ራሱ ወደ ስብ ይለውጠዋል። ቡናቸውን አትከልክያቸው፣ ያለ ስኳር ይጠጡ። አረቄና ጠላ ግን ይቅርባቸው።

አባባ 80 ኪሎ ከሆኑ 4 ኪሎ ሲቀንሱ ስቡ ይጎድላል፤ ጉበቱ ተቆጥቶ ከሆነ ግን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ያስፈልጋል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ እንጂ አይቸኩሉ፤ በድንገት መክሳት ራሱ ጉበትን ይጎዳል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምግቡን ከመቀነስሽ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቂ፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ከቀነሰ ስኳራቸው ወርዶ ሊጥላቸው ይችላል።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ