ሃን የፍቅር አርአያ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በመዝናኛ ዓምዳችሁ «ማሱምላር አፓርትማኒ» ስለተባለው የቱርክ ተከታታይ ድራማ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ድራማውን ከልባቸው እንደወደዱት ያስታውቃል፤ እኔም እወደዋለሁ። ያልተስማማሁት ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሃንን ሴት ሁሉ ልትመኘው የሚገባ አፍቃሪ አድርገው ማቅረባቸው፣ ሦስቱን እህቶቹን ደግሞ ለፍቅሩ እንቅፋት የሆኑ አስቸጋሪ ሴቶች ብለው በሁለት መስመር ማለፋቸው ነው። እንዲህ የሚያዩት እርሳቸው ብቻ ቢሆኑ ብዕር አላነሣም ነበር። ቡና ላይም፣ ቢሮም፣ ቲክቶክ ላይም የምሰማው ያንኑ ነው። ሃን በፍቅር ዓይን የሚያይበት ትዕይንት ከድራማው ተቆርጦ ይወጣል፣ ሙዚቃ ይገባበታል፣ ከዚያ እንዲህ የሚወደኝ ባገኘሁ እየተባለ ይለጠፋል። ሥራዬ ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪዎችን ማማከር ስለሆነ እንዲህ ያለው ምኞት የት እንደሚያደርስ አያለሁና ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ድራማውን ላላዩት ባጭሩ ልንገራቸው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 እስከ 2022 በቱርክ የሕዝብ ጣቢያ በቲአርቲ 1 የታየ ነው። መነሻው የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጉልሰረን ቡዳይጂኦሉ የጻፉት መጽሐፍ ሲሆን፣ ታሪኩ የተወሰደው «የቆሻሻ አፓርታማ» ከሚለው ክፍል ነው። እኚህ ሴት በሐኪምነት ዘመናቸው ከሰሙት የሰው ሕይወት እየተነሡ የሚጽፉ ናቸው፤ «ቀዩ ክፍል» እና «መስኮት ላይ ያለችው ልጅ» የተባሉት ድራማዎችም የተቀዱት ከእርሳቸው መጻሕፍት ነው። የታካሚ ምስጢር እንዲህ አደባባይ መውጣቱን የሚቃወሙ አሉ፤ ተቃውሞአቸውን እረዳለሁ፣ ዛሬ ግን የማነሣው እሱን አይደለም።

ታሪኩ ኢስታንቡል ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ይካሄዳል። እናትየው ሃሲቤ ሞታለች። አባትየው ሂክመት የመርሳት በሽታ ይዞታል። ታላቋ ሳፊዬ እናት ሆና ቤቱን ይዛለች፤ ከእሷ በታች ጉልበን፣ ሃንና ትንሿ ኔሪማን አሉ። ሳፊዬ ንጽሕና አሳብዷታል። ከውጭ የገባ ነገር ሁሉ፣ የሚበላውም ሳይቀር፣ ታጥቦ ታጥቦ አይበቃትም። እጇ በበረኪና ቆስሏል። እንግዳ ደፍ አይረግጥም። ጉልበን ዕድሜዋ ለትዳር ደርሶ ያለፈ ሴት ናት፤ ሌሊት ግን አልጋዋ ላይ ሽንቷ ያመልጣታል፣ ሲነጋ የእህቷን ፊት ማየት ያስፈራታል። ሃን ቀን ቀን ሱፉን ለብሶ ድርጅት የሚመራ፣ ሰው የሚያከብረው ነው። ሲመሽ ከየቆሻሻ መጣያው ሰው የጣለውን እየለቀመ ያመጣና ያከማቻል።

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው። ሳፊዬና ሃን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሕመማቸውን ያገኙት ከአንድ ቤት ነው። አንዷ ከውጭ ምንም እንዳይገባባት ስትታገል ትኖራለች፣ ሌላው ደግሞ ማንም የጣለውን ነገር መተው አይሆንለትም። ኢንጂ የተባለችው ልጅ ወደ ሃን ሕይወት ስትገባ አብራ የገባችው እዚያ ክምችት ውስጥ ነው። ሊያጣት አይችልም፤ ስለዚህ ይከታተላታል፣ የቀድሞ ጓደኛዋን ስም መስማት አይወድም፣ የቤቱን ጉድ ከእርሷ ይደብቃል፣ የእርሷን ጉዳይ ደግሞ ከእህቶቹ ይደብቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ስለሚወዳት አይደለም አልልም፤ ይወዳታል። ግን የሚወዳት ትታኝ ትሄዳለች ብሎ እንደሚፈራ ሕፃን ነው፤ ሕፃን ሲፈራ ደግሞ የያዘውን ጨምቆ ይይዛል እንጂ የተያዘው ሰው ይመመው አይመመው አይጠይቅም።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስል፣ በሙያዬ የተማርነው ነገር ስለሆነ ላንሣው። ሕፃን ከእናቱ ጋር ያለው ቁርኝት በኋላ ሰውን ሁሉ የሚቀርብበትን መንገድ እንደሚቀርፅ ያስተማሩት እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢና የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስወርዝ ናቸው። ኤይንስወርዝ ይህን በዓይኗ ማየት የጀመረችው ሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በካምፓላ አካባቢ ከቤት ቤት እየሄደች እናቶችን ከነልጆቻቸው ተከታትላለች። ያየችው ነገር ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። ባለቅስ ትመጣለች ብሎ የሚያምን ልጅ ከጉያዋ ወርዶ ይጫወታል። ያንን እምነት ያጣው ግን ከእናቱ ጉያ አይወርድም፣ ስታቅፈውም እያለቀሰ ነው። ሌላው ደግሞ እናቱ ጭራሽ እንደማታስፈልገው ይሆናል። ሃንን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በዚህ ዓይን እንዲያዩት ጸሐፊውን እጋብዛቸዋለሁ።

እናትየውን ሃሲቤን ድራማው ገና ከመነሻው ሞታ ነው የሚያሳየን፤ ግን አልሄደችም። ሳፊዬ ታያታለች፣ ታናግራታለች፣ ስድቧን ትሰማለች። ሳፊዬ ልጅ እያለች ናጂ የሚባል የምትወደው ልጅ ነበራት፤ ያን ፍቅር በእናቷ ምክንያት ተነጥቃለች። እናቷ እሷን ያሳደገችበትን እጅ ሳፊዬ ታናናሾቿ ላይ ስታነሣ ስናይ የምናያት ጨካኝ ሴት ብቻ አይደለችም፤ ሌላ የማሳደጊያ መንገድ ያላየች ልጅ ናት። በእኛ አገር ታላቅ እህት ሆና ታናናሾቿን ያሳደገች ሴት ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ከትምህርት ቀርታ፣ ከጓደኛ ተለይታ፣ ቤቱን ተሸክማ፣ በመጨረሻ «ቁጡ ናት፣ አመለኛ ናት» የተባለችውን ሁላችንም እናውቃታለን። ጸሐፊው ሳፊዬን አስቸጋሪ ብቻ ብለው ሲያልፏት ያዘንኩት ለዚህ ነው።

ለጸሐፊው ልከራከርላቸው የሚገባም አለ፤ ስሕተቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የቱርክ ድራማ አሠራሩ ራሱ ለዚህ ያመቻቻል። አንድ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ በየሳምንቱ መድረስ አለበት። ያን ሁሉ ሰዓት በንግግር መሙላት አይቻልም፤ ስለዚህ ረጅም ዝምታ፣ ረጅም መተያየት፣ ከሥሩ ሙዚቃ ይገባል። ሃን ኢንጂን ከመኪና ውስጥ ሆኖ ሲጠብቃት ካሜራው የሚያሳየን ፍቅረኛሞች ሲተያዩ በሚያሳየን መንገድ ነው። ያው ለስላሳ ፒያኖ፣ ያው ዝግ ያለ እርምጃ። የድራማው ድርሰት ይህ ሰው ታሟል ይለናል፤ ሙዚቃው ግን እንዴት ያምራል ይላል። አንድ ክፍል ሙሉውን የሚያይ ሰው ሁለቱንም ይሰማል። ቲክቶክ ላይ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ የሚያይ ወጣት ግን የሚሰማው ሙዚቃውን ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ የኢንጂ ተዋናይት ፋራህ ዘይነብ አብዱላህ ከድራማው ስትወጣ ኢንጂ እንድትሞት ተደርጓል፤ ያኔ ብዙ ተመልካች የተቆጣው የፍቅር ታሪካችን ተበላሸ ብሎ ነበር። የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ላየው በእርግጥ ተበላሽቷል። የእነዚያን ወንድምና እህቶች ታሪክ ለሚከተል ግን አላለቀም ነበር።

በእኛ አገር የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ወደየቤታችን የገባው ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ያኔ የተነሣውን ክርክር ሁላችንም እናስታውሳለን። የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ገበያችን ተወሰደ አሉ፤ ሌሎች ባህላችን ተበረዘ አሉ። ስለ አለባበሱ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ መሳሳሙ ብዙ ተባለ። ወንዱ ሴቲቱን እንዴት እንደሚይዛት ግን ማንም አላነሣም። የእኔ ሥጋት ያለው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ የምትለውን ልንገራችሁ። ፍቅረኛዋ ስልኳን ይፈትሻል፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠች ፎቶ አንሥታ እንድትልክለት ያዝዛታል፣ ካልላከች ሲደውል ያመሻል። እሷ የመጣችው ስለ ፈተና ልትነግረኝ ነበር፤ ይህን ያነሣችው ለምን ማጥናት እንዳልቻለች ስጠይቃት ነው። አያስጨንቅሽም ወይ አልኳት። «ስለሚወደኝ እኮ ነው፣ ሊያጣኝ ስለማይፈልግ ነው» አለችኝ፤ ስትናገር ፈገግ ብላ ነበር። ይህችን ልጅ ድራማ አበላሻት አልልም፤ ከድራማ በፊት ከቤቷም፣ ከሰፈሯም፣ ከዘፈኑም የተማረችው ነው። ግን ጋዜጣ ሲጨምርበት ማየት አልፈልግም።

ሌላው ጽሑፉ የዘለለው ሕክምናውን ነው። ሳፊዬ ያለባት ሕመም ስም ያለው ነው፤ ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ይባላል። አንድ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ተመላልሶ ይመጣል፣ ሰውየው ጭንቀቱን ለማስታገስ አንድን ድርጊት ይደጋግማል፤ መታጠብ፣ መቁጠር፣ በር መቆለፉን ማረጋገጥ። ለጊዜው ቀለል ይለዋል፣ ወዲያው ተመልሶ ይይዘዋል። የሚፈሩትን ነገር በባለሙያ እየታገዙ ቀስ በቀስ በመጋፈጥና ድርጊቱን ሳይፈጽሙ በመቆየት የሚሰጥ ሕክምና አለው፤ መድኃኒትም አለው። እኛ ጋ እንዲህ ያለች ሴት ካለች መጀመሪያ ጠንቃቃ ናት ይባልላታል፣ ሲብስ መንፈስ ነው ተብሎ ጸበል ትወሰዳለች፣ ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ገመናውን ይሸፍናል። ጸበሉን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ግን ከጸበል ጋር አይጣላም። ድራማው አንድ ትልቅ ነገር ካደረገ፣ በርዋን ለሰው ሁሉ የዘጋች ሴት ሐኪም ፊት ቁጭ ብላ ስለ እናቷ ስትናገር ማሳየቱ ነው። ይህን ያየች የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር እናት ልጇን ይዛ ብትሄድ ለእኔ ከየትኛውም የፍቅር ትዕይንት ይበልጣል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ድራማ ስትዘግቡ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግራችሁ አንድ ሁለት አንቀጽ አክሉበት። ሰውን መከታተልንና መሰለልን የፍቅር ማስረጃ አድርጋችሁ አትጻፉ፤ የሚያነቧችሁ ልጆች ብዙ ናቸው። በመጨረሻም ጽሑፉ የተዋንያኑን ስም ሲዘረዝር ቢርካን ሶኩሉን፣ ፋራህ ዘይነብ አብዱላህንና ኤዝጊ ሞላን ጠቅሶ ጉልበንን የተጫወተችውን ሜርቬ ዲዝዳርን ረስቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በካን የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይትነት የተሸለመችው እሷ ናት። ማረሚያ ስታወጡ ስሟን ጨምሩልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ