የካቲት 26 ሳይደርስ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ፣ ቤቱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በ2014 ደሴ ስልክ ጠፍቶባት ከተለያየን ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ቁጥርህን ቀይረህ ኖሯል፤ አድራሻህን ያገኘሁት ከእህትህ ነው።

አባየ አረፈ፤ አላህ ይዘንለት። ባለፈው ኅዳር ነው። እንዳልሰማህ አውቃለሁ፤ ብትሰማማ ከየትም ትመጣ ነበር። የቀበርነው እንደ ቃሉ እዚሁ ወሎ፣ ቦረና ወስደን ነው። «የከተማ አፈር አታልብሱኝ» ይል የነበረውን አንተም ሰምተሃል።

አባየን ሳስበው ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይታየኝም። የሚታየኝ እዚያው ቦረና፣ ደንቆሮ ጫካ ላይ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ያን የወታደር ኮዳ አንግቶ ከፊት ከፊት ሲሄድ ነው። በሁዳዴ ሁለታችንን ይዞን የወጣ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንተ ጾም ነህ ብሎ ያንተን በሶ ቅቤ ባልነካው ዕቃ ለብቻው አስይዞልህ ነበር፤ እናቴን ሁለት ጊዜ «ዕቃው ታጥቧል?» ብሎ ጠይቋታል። ውርጩ ከጓሳው ላይ ሳይነሳ ነበር የወጣነው። ነፋሱን ፊታችን ላይ አድርገን እንድንሄድ አሳየን፤ ከአስታው ባሻገር ጅብራው ከቆመበት ስንደርስም በእጁ ምልክት አስቀመጠን። ቀይ ቀበሮዋን ያየናት ያኔ ነው፣ የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮዋን ቀስራ። በዓለም ላይ 500 እንኳ እንደማይሞሉ እኔ ያነበብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እሱ ግን ሳያነብ፣ ግልገል ይበሉብናል ብለው ከሚያሳድዷቸው እረኞች ጋር ይሟገት ነበር፦ «አይጡን ይቺ ባትለቅምልህ ገብስህ ይተርፍህ ነበር?» ማታ ጭላዳዎቹ ለአዳር ወደ ገደሉ ሲወርዱም እነሱ ሳይጨርሱ ንቅንቅ አይልም ነበር። እኛ በብርድ እየተንቀጠቀጥን እንጠብቀዋለን።

የሶማሊያን ጦርነት ቤት ውስጥ አንስቶት አያውቅም። በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ መዝመቱን፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር መሠልጠኑን፣ ግራ ክንዱን ቆስሎ መመለሱን ብቻ ነው የምናውቀው። መንገድ ላይ ግን ይናገራል። እግሩ ሲንቀሳቀስ አንደበቱ ይፈታል። ኦጋዴን ውስጥ ከጥይቱ ይልቅ ያስጨነቀው ሜዳው እንደነበር ነግሮኛል። በገደልና በሸንተረር መሀል ያደገ ሰው፣ ዙሪያውን መጠጊያ የሌለበት አገር ላይ ሲቆም ራቁቱን የቀረ ይመስለዋል አለኝ። የካራማራን ተራሮች ከሩቅ ሲያይ ታዲያ አገሩ የገባ ያህል ደስ አለው። ያን ጊዜ በተራሮቹ መሀል የሚያልፈው የማርዳ በር በሶማሊያ ጦር ተይዞ ነበር። የእኛ ጦር ከኩባውያኑ ጋር ዞሮ እስኪመታና ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነፃ እስክትወጣ ድረስ፣ በዚያ ባስደሰተው ተራራ ሥር ስንት ጓደኞቹን አጣ። ውሃ አጠጣጡንም ከዚያ ነው ያመጣው፦ አንድ ጉንጭ ይይዛል፣ ትንሽ ይራመዳል፣ ከዚያ ይውጣል። ምንጭ ዳር ተቀምጦም እንደዚያው ነበር የሚጠጣ።

በ2014 ተፈናቃዩ በደጃችን ሲያልፍ አይቶ ብዙ ቀን እህል አልወርድ አለው። ስለዚያ አልጽፍልህም፤ አንተም አይተኸዋል።

አሁን የጻፍኩልህን ጉዳይ ልንገርህ። አባየ በየዓመቱ የካቲት 26 ጧፍና ዕጣን ገዝቶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ይወስድ ነበር። ለቄሱ በእጃቸው ሰጥቶ፣ ቆሞ መርቀውት ይመለሳል። እኛ ለጉርብትና የሚያደርገው ይመስለን ነበር፤ ወሎ ውስጥ ይህን ማን ይጠይቃል? ከሞተ በኋላ እናቴ ነገረችኝ። ለአንድ የሳይንት ልጅ ነው፤ ካራማራ ላይ አጠገቡ የወደቀ። ኮዳውም የሱ ነበር። ስሙን እሷም አታውቅም። ጧፉን ይቀበሉ የነበሩት ቄስም አርፈዋል። ዘንድሮ እኔ ልውሰድ ብዬ አዲሱን ቄስ ባነጋግራቸው፣ «በደስታ፤ የክርስትና ስሙን ግን ንገረኝና ላስበው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን በሁዳዴ ጫካ የወጣን ዕለት እኔ ከምንጩ ውሃ ልቀዳ ስወርድ፣ አባየና አንተ ከኮሶው ሥር ቀርታችሁ ነበር። ስመለስ አንተ አንገትህን ደፍተሃል፣ እሱ ኮዳውን በእጁ ይዞታል። ምን እንደነገረህ እኔም አልጠየቅሁህ፣ አንተም አላወራኸኝም። ለእኔ ለልጁ ያልነገረኝን ለአንተ የነገረህ፣ አንተ ክርስቲያን ስለሆንክና ስሙን ስለምታስብለት ይመስለኛል። ነግሮህ እንደሆነ ጻፍልኝ። የክርስትና ስሙን ካስታወስክ እሱን፣ ካላስታወስክ የመጠሪያ ስሙን፣ ያም ከጠፋህ ከሳይንት የየት አገር ልጅ እንደሆነ ንገረኝ፤ ሄጄ ዘመዶቹን እጠይቃለሁ። ልጆቼም አያታቸው ከማን ጋር እንደዘመተ ይጠይቁኛልና፣ የቀረውን እንደነገረህ አድርገህ ጨምርልኝ፤ አታሳጥረው።

የእሱን ሰደቃ ደግሞ ለዓመቱ ኅዳር ላይ እናወጣለን። በዚያ ብትመጣ ደስታዬ ነው፤ የጾምም የፍስክም ይዘጋጃል። ጧፉ ግን የካቲትን አያልፍም፤ ደብዳቤ የሚዘገይ ከሆነ ደውልልኝ፣ የእኔ ቁጥር ያው ነው። እናቴ «አብሽር በሉልኝ፣ እግሩን ያመው ነበር፣ ተሻለው ወይ?» ብላሃለች።

ወንድምህ፣
ከደሴ