ስለ ተሰፉት ቤቶች ለአባቴ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ስልኩ ሲቋረጥ የጀመርኩትን ወሬ በደብዳቤ ልጨርስልዎ፤ ነገሩ የስፌት ጉዳይ በመሆኑ ከእርስዎ የተሻለ ዳኛ አላገኝለትም።

እዚህ ለንደን፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በነበረ ግዙፍ ሕንፃ ውስጥ ቴት ሞደርን የሚባል ሙዚየም አለ። በዚያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የተከፈተውን የኮሪያዊውን የጥበብ ሰው የዶ ሆ ሱህን ዐውደ ርእይ ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁ። ሰውዬው በ1962 ሴኡል ተወልዶ፣ በ1991 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የተማረ፣ አሁን ለንደን የሚኖር ስደተኛ ነው፤ አባቱም በጥቁር ቀለም የሚሥሉ ስመ ጥር ሠዓሊ ነበሩ።

ሥራው ቤት መስፋት ነው። እንደ ቅኔ አይቁጠሩብኝ፤ የኖረባቸውን ቤቶች ልክ እርስዎ የደንበኛን ትከሻ እንደሚለኩት ለክቶ፣ ከግድግዳው እስከ በር እጀታውና እስከ መብራት ማጥፊያው ድረስ ወዲያ ማዶ በሚያሳይ ስስ ጨርቅ በቁመናቸው ይሰፋቸዋል። በተለያዩ ከተሞች የነበሩት ክፍሎቹ በየቀለማቸው ተቀጣጥለው አንድ ረጅም መተላለፊያ ሆነዋል፤ ሰው በውስጡ ያልፋል፣ ከጨርቁ ማዶ ያለውም ሰው እንደ ጥላ ይታያል። ሌላው ተመልካች ቀለሙን ሲያደንቅ እኔ ማዕዘን ማዕዘኑን ጎንበስ ብዬ ቅምቅማቱን ስመረምር ጠባቂው ሳይጠረጥረኝ አልቀረም። በእንዲህ ያለ ጨርቅ ላይ ስፌት መደበቂያ የለውም፤ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ወደ ውስጥ ሲያጥፉት የኖሩት መስመር እዚህ ራሱ ሥዕል ሆኖ ይታያል።

ከዚህ ቀደም በ1999 የወላጆቹን ቤት በሐር ሰፍቶት ነበር። ያ ቤት ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ በታየበት ከተማ ሁሉ የከተማው ስም ስለሚጨመርበት መጠሪያው መጀመሪያ ሴኡልንና ሎስ አንጀለስን ብቻ ይዞ፣ ኋላ ኒው ዮርክን፣ ባልቲሞርን፣ ለንደንንና ሲያትልንም አስከትሏል።

ሥዕሎቹንም በክር ነው የሚሠራቸው። በስስ የጄላቲን ወረቀት ላይ ከሰፋ በኋላ በእርጥብ ወረቀት ላይ ሲያሳርፈው ጄላቲኑ ይሟሟና ክሩ ብቻውን ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳል። የክሩን ጫፍ ግን አይቆርጥም፤ ተጠላልፎ እንደተንዘረፈፈ ይተወዋል። እርስዎ ቢያዩት ሰላምታ ሳይሰጡ መቀስ ይጠይቁ ነበር።

የቀድሞ ቤቶቹን ሶኬቶችና እጀታዎች በየነበሩበት ከፍታ የሰቀለበት አንድ ሥራም አለ፤ ብልሃቱ ገባኝ እንጂ ልቤ አልገባም። ያስቆመኝ ሌላ ነው። ሴኡል ያለውን የወላጆቹን የእንጨት ቤት በሙሉ በወረቀት አልብሶ፣ በላዩ ላይ በእርሳስ ሲያሽበት፣ የእንጨቱ ጅማትና የመጋጠሚያው ስንጥቅ ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ወጥቷል። በ2013 የተጀመረው ይህ ሥራ እስከ 2022 ፈጅቷል። «ራቢንግ» ማሸት፣ «ላቪንግ» መውደድ የሚሉት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በኮሪያ ፊደል ሲጻፉ አንድ ስለሚሆኑ ለሥራው ስም ሁለቱንም አንድ ላይ ሰጥቶታል። የዐውደ ርእዩ ርእስ ደግሞ ከአናጢዎች የተወሰደ ነው፤ እንዲህ ያለው የኮሪያ ቤት ተፈትቶ ሌላ ቦታ ዳግም ሊገጠም ስለሚችል፣ አናጢዎቹ ይህን «ቤቱን ማራመድ» ይሉታል። በዚያ የወረቀት ቤት ፊት ለብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ፤ የመጀመሪያውን ቀን የጎበኘሁትን ሌላውን ሁሉ ረስቼ ነው የወጣሁት።

አባቴ፣ የስፌት ክፍልዎን በር ሊያስልጉና ቀለም ሊያስቀቡ ማሰብዎን ነግረውኛል። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ክፍሉ እንደተዘጋ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሩ ጠርዝ ላይ ልኬት ሲጠፋብዎ በመቀስ ጫፍ የጫሩዋቸው ምልክቶች ስላሉ፣ እባክዎን እኔ እስክመጣ ሠራተኛውን ያቆዩልኝ። ወረቀቱንና እርሳሱን አመጣለሁ፤ እኔ ሳሽ ወረቀቱን ከላይ ወጥረው የሚይዙልኝ እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ